ቁልፍ ስታዞሩ ምን ትላለች?

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ይህን የማነሳው ስለ መኪና ስለምጽፍ ነው። ጎንደር የሚኖር ሹፌር ሞተሩ ጠዋት እንዳያስቸግረው ከሰጋ ማታ ቁልቁለት ላይ ያቆማታል። ሲነጋ ፍሬን ይለቃል፣ ሁለተኛ ማርሽ ያስገባል፣ መንከባለል ስትጀምር ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ይለቀዋል፣ ትነሳለች። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ቁልቁለት የሚፈልግ ሰው ቤዛዊት ኮረብታ ድረስ መሄድ አለበት። ስለዚህ እዚህ ከተማ መኪና አልነሳ ስትል ምርጫችን ሁለት ነው። ጎረቤት ጠርቶ መግፋት፣ ወይም ምን እንደነካት ማወቅ። አውቶማቲክ ከሆነች ደግሞ መግፋቱም የለም።

እኔ 16 ዓመት ኮንትራት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ በኮሮላ ዲኤክስ፣ አሁን በቪትዝ። እንግዳ ከአየር ማረፊያ አነሳለሁ፣ ጢስ ዓባይ አደርሳለሁ፣ ዘጌ አደርሳለሁ፣ አንዳንዴም ጎንደር አድሬ እመለሳለሁ። የተማርኩ መካኒክ አይደለሁም። ግን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ፣ አውሮፕላን እንዳያመልጠው የሚጨነቅ ሰው ስልክ እየደወለ፣ መኪና ግቢ ውስጥ ትንፍሽ አልል ስትል ምን እንደሚሰማ አውቃለሁ። የምጽፈው በዚያ ሰዓት ብቻችሁን ሆናችሁ ማድረግ የምትችሉትን ነው።

መጀመሪያ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ከመመረቁ በፊት፣ ከዓባይ ማዶ ወደ ከተማ የሚገባው ሁሉ በአሮጌው ድልድይ ነበር የሚያልፈው። ጠባብ ነው። አንዱ ከቆመ ሁሉም ይቆማል። ሥራ በጀመርኩ በዓመቱ፣ አመሻሽ ላይ ሰልፍ ይዤ ቆሜ ሳለ ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተር አጠፋሁ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ቁልፍ አዞርኩ። ምንም የለም። ከኋላ ክላክስ ብቻ። ሰዎች ገፍተው ከድልድዩ አሻገሩኝ። አንድ የማላውቀው ሰው ኮፈኑን ከፍቶ አየና «ባትሪህ ሞቷል» አለኝ። በማግስቱ ተበድሬ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ሁለት ቀን ሠራች። በሦስተኛው ቀን ያው ጸጥታ። አንድ ጋራዥ ሞተሪኖውን፣ ማለትም ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ አውርደው ውስጡ ያለውን ካርቦን ቀየሩልኝ። አሁንም ያው።

በመጨረሻ ሰው የመራኝ አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሄድኩ። መኪናዋን እንኳ አላዩም። ተቀምጠው ነበር።

«ልጄ፣ ቁልፍ ስታዞር ምን ትላለች?» አሉኝ።

«አትነሳም ጋሼ።»

«እሱን ሰምቻለሁ። ምን ትላለች ነው የምልህ።»

መልስ አልነበረኝም። ለሁለት ሳምንት ገንዘብ ሳወጣ አንድም ቀን አላደመጥኳትም። ተነሥተው መጡ፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ መኪናዋ አካል የሚሄደውን ካቦ በጣታቸው ተከትለው ወረዱ። መጨረሻው ላይ ያለው ብሎን ዝጎ፣ ላዩ ላይ ጭቃ ደርቆበት ነበር። በባለ 10 መፍቻ ፈቱት፣ ብረቱ ነጭ ሆኖ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉት፣ መልሰው አጠበቁት። ቁልፍ አዞርኩ። በአንድ ጊዜ ተነሳች። አሮጌው ባትሪዬ ጤነኛ ነበር። ሞተሪኖውም ጤነኛ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ መኪና አልነሳ ስትለኝ የማደርገው ይህን ነው።

ሬዲዮ አጠፋለሁ። ፋን አጠፋለሁ። መስኮት እከፍታለሁ። ከእኔ ጋር ያለ ሰው ካለ ዝም እንዲል እለምናለሁ። ከዚያ ቁልፉን ግማሽ ድረስ ብቻ አዞራለሁ፤ የክሩስኮቱ፣ ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ፣ መብራቶች የሚበሩበት ቦታ ላይ አቆማለሁ። መብራቶቹን አያለሁ፣ ሦስት ሰከንድ አደምጣለሁ። ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ አዞራለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። ያኔ የሰማሁት ድምፅ ግማሹን ሥራ ይጨርስልኛል።

ሰው በድንጋጤ የሚሠራው ስህተት ደጋግሞ ማዞር ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ሞተሪኖ ከባትሪው እጅግ ብዙ ኃይል ይስባል፣ ቶሎ ይግላል። አንድ ጊዜ ስታዞሩ ከ10 ሰከንድ አትለፉ። ቀጥሎ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ። በድንጋጤ ያሟጠጣችሁት ባትሪ በኋላ ጥፋቱ ሲገኝ ለማስነሳት ያስፈልጋችኋል።

እንግዲህ ድምፁን እንለይ።

ክሩስኮቱ ላይ ምንም መብራት ካልበራ፣ ቁልፍ ሲዞርም ጸጥ ካለ፣ ኃይል ከባትሪው እየወጣ አይደለም። ኮፈኑን ክፈቱና የባትሪውን ሁለት ራሶች በእጃችሁ ያዟቸው፣ ለመጠምዘዝ ሞክሩ። በእጅ የሚንቀሳቀስ የባትሪ ራስ የላላ ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። የዘጌን ኮረኮንች ለሚመላለስ ሰው ይህ ብርቅ አይደለም። መንገዱ ብሎን ያላላል። ባትሪው በደንብ ካልታሰረ ደግሞ ውስጡ ያሉትን ሳህኖች አራግፎ ይገድላቸዋል። ባትሪውን ቁልቁል የምትይዘዋ ብረት ከጠፋች በሽቦም በላስቲክም አትተኳት፤ አስበጇት።

ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ፈጠን ፈጠን ያለ ድምፅ ከሰማችሁ፣ መብራቶቹም አብረው ከተርገበገቡ፣ ባትሪው ወርዷል ወይም የባትሪው ራስ ዝጓል። ኃይሉ ሞተሪኖውን ለመንካት ይበቃል፣ ለማዞር ግን አይበቃም።

አንዲት ጠንካራ «ጠቅ» ብቻ፣ ከዚያ ዝምታ፣ መብራቱም ሳይደበዝዝ ከቀረ፣ ጣታችሁን ወደ ሞተሪኖው ቀስሩ። በብዙ ቶዮታ ሞተሪኖ ውስጥ ሁለት ትንንሽ የመዳብ ቁራጮች አሉ። ቁልፍ በዞረ ቁጥር አንድ ክብ ብረት መጥቶ ሁለቱን ያገናኛቸዋል። በዓመታት ብዛት መዳቡ ይበላል፣ ብረቱ መጥቶ ጠቅ ይላል፣ ግን አይነካቸውም። ብዙ ሰው ለዚህ ሙሉ ሞተሪኖ ይገዛል። መዳቦቹ ብቻቸውን ይቀየራሉ።

መብራቱ ሁሉ ደህና ሆኖ፣ ቁልፍ ሲዞር ጠቅ የሚል ድምፅ እንኳ ከሌለ፣ ትእዛዙ ሞተሪኖው ዘንድ አልደረሰም። አውቶማቲክ ከሆነች ፍሬን ረግጣችሁ ማርሹን ከፓርኪንግ ወደ ዜሮ አምጡና እንደገና ሞክሩ። ፓርኪንግ ላይ እምቢ ብላ ዜሮ ላይ የምትነሳ መኪና ብዙ አይቻለሁ። ማኑዋል ከሆነች ፍሪሲዮኑን እስከ ወለል ርገጡት፤ አንዳንዶቹ ካልተረገጠ አያዞሩም። ከዚያ ፊውዝ እዩ። የፊውዙ ሳጥን ክዳን ላይ የትኛው የምን እንደሆነ ተስሎበታል።

ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ግን አትነሳም ከሆነ፣ ባትሪንና ሞተሪኖን እርሷቸው። እነሱ ሥራቸውን ሠርተዋል። የጎደለው ቤንዚን ነው፣ ወይም ቤንዚኑን የሚለኩሰው እሳት። እዚያ እንመለስበታለን።

ስለ ባትሪ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ከተማ ሰው ብዙ ገንዘብ ያለ ጥቅም የሚያወጣው በባትሪ ነውና።

ቴስተር፣ ማለትም የቮልት መለኪያ፣ ከሌላችሁ የፊት መብራት ይበቃችኋል። ማታ ወይም ንጋት ላይ ከሆነ መኪናዋን ወደ ግድግዳ ባዞራችሁበት መብራት አብሩ። ግድግዳው ላይ ያለውን ብርሃን እያያችሁ ቁልፍ አዙሩ። ብርሃኑ ሊጠፋ ምንም ካልቀረው፣ ቀልቶ ከደበዘዘ፣ ጥፋቱ ባትሪው፣ የባትሪው ራስ ወይም ከባትሪው ወደ መኪናዋ አካል የሚሄደው ካቦ ነው። ብርሃኑ ንቅንቅ ካላለና ሞተሩም ካልዞረ፣ ባትሪውን ተዉት፤ ችግሩ ከእሱ ወዲያ ነው። ትንሽ ቀነስ ብሎ ሞተሩ በደንብ ከዞረ ያ ጤናማ ነው። በድልድዩ ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ ባትሪ ለመግዛት አልቸኩልም ነበር።

ቴስተር ብትገዙ ግን ደስ ይለኛል። ርካሹም ይሠራል። መኪናዋ ካደረች በኋላ፣ ሞተር ሳይነሳ፣ ሁለቱን ዘንግ በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ አድርጉ። 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ካነበበ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። 12.2 ግማሽ። 12.0 ከደረሰ ወርዷል፣ ቻርጅ ይፈልጋል። አሁን አንድ ሰው ቁልፍ እንዲያዞርላችሁ አድርጉና እያያችሁት ቆዩ። እየዞረች ከ10 ቮልት በላይ ከቆየ ባትሪው ደህና ነው። ሲያርፍ 12.6 እያለ ሲዞር ወደ 8 እና 7 የሚወድቅ ባትሪ ጉልበት አልቆበታል፤ ቻርጅ ቢደረግም አይሆንም።

ከተነሳች በኋላ ደግሞ ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካለ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ ነው። 12 ነጥብ ምናምን ላይ ቆሞ ከቀረ ዲናሞው አይሠራም ወይም የሚያዞረው ቺንጋ (ቀበቶ) ላልቷል። ያኔ አዲስ ባትሪ ብትገዙ እሱም በሁለት ቀን ይወርዳል። ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን አንድ ቁጥር እዩ።

ማታ ሙሉ ሆኖ ጠዋት ባዶ የሚገኝ ባትሪስ? አንድ ነገር ሌሊት እየመጠጠው ነው። የኋላ ኮፈን መብራት፣ ሳይጠፋ የቀረ ሬዲዮ፣ በኋላ የተገጠመ የስርቆት ማንቂያ። ሁሉን ካጠፋችሁ፣ በሩን ከዘጋችሁና ጥቂት ደቂቃ ከጠበቃችሁ በኋላ ኤሌክትሪሺያን አምፔሩን እንዲለካላችሁ ጠይቁ። ከ0.05 አምፔር ብዙ ከበለጠ ፊውዝ አንድ በአንድ እያወጣ ሌባውን ያገኘዋል።

አሁን ዘጌ ላይ ያየሁትን ላሳያችሁ። ታኅሣሥ ውስጥ ነው። እንግዶቼ ገዳማቱን ሊያዩ በእግር ገብተዋል፣ እኔ መኪናዋ አጠገብ ቡና እየጠጣሁ ነው። ሊመጡ ሲሉ ሞተሩን ላስነሳ አልኩ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ኮፈን ከፈትኩ። የፖዘቲቩ ራስ ላይ እንደ ሊጥ የተነፋ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ወጥቶበታል። ቡና የምታፈላውን ሴት «እህቴ፣ ሙቅ ውሃ ይኖርሻል?» አልኳት። «ምነው ወንድሜ፣ ሆድህን አመመህ?» አለችኝ። መኪናዬን አሳየኋት። ጀበና ልትጥድበት ያፈላችውን ውሃ በጆግ ሰጠችኝ።

መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፈታሁ። ሁልጊዜ ኔጋቲቭ ይቅደም። ፖዘቲቩን ስትፈቱ መፍቻው የመኪናዋን አካል ቢነካ ኔጋቲቩ ስለተፈታ ምንም አይሆንም፤ ካልተፈታ ግን ብልጭታው እጅ ያቃጥላል። ከዚያ ፖዘቲቩን ፈትቼ ውሃውን ቀስ እያልኩ ዱቄቱ ላይ አፈሰስኩ። ዱቄቱ ሟሙቶ ወረደ። ከሥሩ ግራጫው ሊድ ብቅ አለ። መኪና ውስጥ በማስቀምጣት አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት፣ በጨርቅ አደረቅኩት። ስመልስ ፖዘቲቩን አስቀደምኩ፣ ኔጋቲቩን አስከተልኩ። በመጀመሪያው ተነሳች። ሴትየዋ አጨበጨበች።

ቤት ስትሆኑ ውሃው ውስጥ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩበት፤ አሲዱን ያከሽፈዋል፣ አረፋ ሲወጣ ታዩታላችሁ። የባትሪው ክዳን በደንብ የተዘጋ ይሁን፣ ሶዳው ወደ ውስጥ መግባት የለበትም። ዱቄቱ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ በባዶ እጅ አትንኩት። ሲደርቅ ራሶቹን ግሪስ ወይም ቫዝሊን ቀባ ቀባ አድርጓቸው። ውሃ የሚጠጣ ባትሪ ከሆነ ደግሞ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ። የቧንቧም፣ የሐይቅም ውሃ አይሆንም። አሲድም አትጨምሩ።

ከሌላ መኪና ኃይል መውሰድን በተመለከተ አጥብቄ የምለው አለኝ፤ ሰው ሲቃጠል አይቻለሁ። መጀመሪያ የሚሰጣችሁን መኪና እዩ። ሁለት ባትሪ የተሸከመ የጭነት መኪና ብዙውን ጊዜ 24 ቮልት ነው። የቤት መኪና 12 ነው። ደግ ሹፌር ቆሞ «ና ከኔ ውሰድ» ቢላችሁ አመስግናችሁ እለፉ፤ የቪትዛችሁን ኮምፒዩተር ያቃጥለዋል።

12 ለ12 ከሆነ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ቀዩን ካቦ በደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ። የቀዩን ሌላ ጫፍ በጤነኛው ፖዘቲቭ ላይ። ጥቁሩን በጤነኛው ኔጋቲቭ ላይ። የጥቁሩን የመጨረሻ ጫፍ ግን በደከመው ባትሪ ላይ አታድርጉት። ከባትሪው ራቅ ያለ፣ ቀለም የሌለበት የሞተር ብረት ፈልጉና እዚያ ያዙት። ምክንያቱም የመጨረሻው ንክኪ ብልጭ ይላል። ባትሪ ደግሞ ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙ ይፈነዳል። ብልጭታው ከባትሪው ይራቅ። ጤነኛዋን አስነሱና አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ከዚያ የደከመችውን ሞክሩ። ስትነሳ ካቦውን በተቃራኒው ቅደም ተከተል ፍቱ።

ሞተሪኖው ላይ አንዲት ጠቅ ብቻ ካለ፣ መንገድ ላይም ከሆናችሁ፣ አንድ ሰው ቁልፍ እያዞረ እናንተ የሞተሪኖውን አካል በጎማ መፍቻ ቀስ አድርጋችሁ ቆርቆር አድርጉት። ካርቦኑ ካለቀ ወይም መዳቡ ከተበላ ብዙ ጊዜ ይህ ያስነሳታል። ማርሹ ዜሮ ላይ፣ የእጅ ፍሬን የተያዘ መሆኑን አረጋግጡ፤ እጃችሁንና ልብሳችሁን ከቺንጋው አርቁ። ከተነሳች ሞተር ሳታጠፉ ቀጥታ ወደ ጋራዥ ሂዱ። ሐሙሲት ላይ አንድ ጊዜ እንዲህ አስነሥቼ፣ ሻይ ልጠጣ ብዬ አጠፋሁና ሁለተኛ አልተነሳችም።

አሁን ወደምትዞረው ግን ወደማትነሳው እንሂድ።

ቁልፉን ግማሽ ድረስ አዙራችሁ ጆሯችሁን ወደ ኋላ ወንበር አድርጉ። ቪትዝና መሰሎቹ ላይ የቤንዚን ፓምፑ ታንከሩ ውስጥ ነው። ብዙዎቹ ላይ ለሁለት ሰከንድ ያህል «ዝዝዝ» ይላል። አንዳንዶቹ ላይ ፓምፑ የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ነው፤ ስለዚህ መኪናችሁ በደህናው ቀን ምን እንደምትል ዛሬውኑ አዳምጧት። ትል የነበረው ድምፅ ከቀረ የፓምፑን ፊውዝ እዩ፣ ቀጥሎ ፓምፑን ጠርጥሩ። ክሩስኮቱ ላይ የቁልፍ ምልክት የምታበራ ትንሽ መብራት ካለች እሷንም እዩ። ብልጭ ድርግም እያለች ከቀጠለች መኪናዋ ቁልፉን አላወቀችውም። ሁለተኛውን ቁልፍ አምጡና ሞክሩ።

ቤንዚን ሲጠፋ ሁላችንም ከጀሪካን ገዝተናል። አልፈርድም፤ እኔም ገዝቻለሁ። ግን ወደ ታንከር ከመገልበጣችሁ በፊት ትንሽ በጠራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቅዱ። ክዳኑን ዝጉ፣ ጥላ ቦታ አቁሙት፣ ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ሥሩን እዩ። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል። ካለ ከታች ይዘቅጣል፤ ላዩ ቢጫ፣ ሥሩ ነጣ ያለ፣ በመካከላቸው እንደ ክር የቀጠነ መስመር። ጠርሙሱን ዘንበል ስታደርጉት የታችኛው ተድቦልቡሎ እንደ ዶቃ ይንከባለላል። አንድ ጊዜ ያንን ዶቃ ካያችሁ ሳትፈትሹ አትገለብጡም። እሳትና ሲጋራ አጠገቡ አይድረስ፣ ልጆች በሚደርሱበት ቦታም አታስቀምጡት።

ብዙ ካዞራችሁ በኋላ የቤንዚን ሽታ አፍንጫ የሚመታ ከሆነ ሞተሩ ጠጥቷል፤ እሳት የሚሰጡት ካንዴላዎች ረጥበዋል። የቤንዚኑን መርገጫ እስከ ወለል ድረስ ርገጡ፣ ሳትለቁት ከአምስት እስከ አሥር ሰከንድ አዙሩ። ብዙዎቹ መኪኖች ላይ ይህ ለኮምፒዩተሩ «ቤንዚን አቁም፣ አየር ብቻ አስገባ» የሚል ትእዛዝ ነው። ዲኤክስም ላይ ይሠራል፤ ዋናው መርገጫውን እያነሡ እየጣሉ አለመደጋገም ነው።

ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበት አለ። ሐምሌና ነሐሴ ውስጥ አስፋልቱ ላይ ከተኛው ውሃ ስታልፉ ሞተሩ ይታጠባል። እንደ ዲኤክስ ያሉ አሮጌ መኪኖች ላይ እሳት የሚያከፋፍለው ክዳን ውስጥ ጤዛ ይገባል፤ እሳቱ ካንዴላው ዘንድ ሳይደርስ እርጥበቱ ላይ ያልቃል። ክዳኑን አንሡ፣ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ወፍራሞቹን ገመዶችም ጥረጉ፣ መልሳችሁ ግጠሙ። ሲመሽ ጨለማ ውስጥ ኮፈን ከፍታችሁ ሰው ቢያዞርላችሁ፣ ያረጀ ገመድ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ሲንቀለቀል ታያላችሁ። ያ ገመድ ይቀየር፤ እጃችሁን ግን አትስደዱ።

መኪና ሐይቁ ዳር ወስዳችሁ ሞተሩ ላይ ውሃ የምትለቁ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ ተዉት። ካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ይተኛል፣ በማግስቱ አልነሳ ትላለች። ከዚያ የሚበልጠው ግን ግሪሱና ዘይቱ ጣና ውስጥ መግባቱ ነው። የምንበላው ዓሣ ከዚያ ነው የሚወጣው። ያሳደገን ሐይቅ ነው።

ናፍጣ ለሚነዱ፣ ዶልፊንም ሆነ ሃይሉክስ፣ ሁለት ነገር። ጠዋት ብርድ ሲሆን ክሩስኮቱ ላይ የሚበራው የጥምዝምዝ ሽቦ ምልክት እስኪጠፋ ሳትጠብቁ አታዙሩ። ናፍጣ አልቆ ከነበረ ወይም ፊልትሮ ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል። ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ እስክትጠጥር ድረስ ተጫኑ።

አንድ ድምፅ ብቻ ስትሰሙ ወዲያው አቁሙ። ሞተሩ ከወትሮው ይልቅ ቀልሎ፣ ፈጥኖ፣ ምንም እንዳልያዘው ከዞረ፣ ታይሚንግ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ደጋግሞ ማዞር ቫልቮቹን ሊያጣምም ይችላል። ያቺ መኪና በጎታች ትሂድ።

ባለፈው ኅዳር የአንድ ጓደኛዬ መኪና ፔዳ አካባቢ ቆመች። ደወለልኝ። «አልነሳ አለችኝ፣ ባትሪ ልገዛ ነው» አለ። ቁጭ በልና ሬዲዮህን አጥፋ አልኩት። መብራት እንዲያበራ፣ ግድግዳ እያየ እንዲያዞር ነገርኩት። ስልኩን ሳይዘጋ አዞረ። እኔም በስልኩ ሰማኋት። አንዲት ጠቅ።

«ግድግዳው ላይ ያለው ብርሃን ደበዘዘ?»

«ኧረ ንቅንቅ አላለም።»

ሽማግሌው ኤሌክትሪሺያን አርጅተዋል፣ አሁን ልጃቸው ነው የሚሠራው። ለእሱ ደወልኩና ይህንኑ ነገርኩት፤ ቶዮታ ናት፣ አንድ ጊዜ ጠቅ ትላለች፣ መብራቱ አይደበዝዝም። ልጁ ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። የሞተሪኖ መፍቻውንና ሁለት የመዳብ ቁራጮች በኪሱ ይዞ በባጃጅ ሄደ።